በመወጠር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት

በመወጠር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት (በሕክምና ስሙ ትራክሽን አሎፔሺያ) ፀጉር ለረጅም ጊዜ እና በተደጋጋሚ ከሥሩ ሲጎተት የሚከሰት የፀጉር መመለጥ ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከግንባር ጠርዝና ከጆሮ ግንድ በላይ ካለው ፀጉር ነው። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ፣ ወደ ኋላ ተወጥሮ የታሰረ ፀጉር፣ ከባድ ጭማሪ ፀጉር፣ እንዲሁም የተሰፋ ወይም በሙጫ የተጣበቀ ዊግ ዋነኛ መነሻዎቹ ናቸው። በአእምሮ ጭንቀት ሳቢያ ከሚመጣው የፀጉር መርገፍ ጋር መምታታት የለበትም፤ እዚህ ላይ የሚወጠረው ፀጉሩ ራሱ ነው።

ይህን ችግር ከብዙዎቹ የፀጉር መሳሳት ዓይነቶች የሚለየው መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ፀጉሩ ተመልሶ ያድጋል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ ሥር በጠባሳ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ቅባትም ሆነ መድኃኒት አይመልሰውም።

ቀጭን ፀጉር እና የሳሳ ፀጉር

በዕለት ተዕለት ንግግር «ፀጉሬ ስስ ነው» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው የእያንዳንዱ ዘለላ ውፍረት ትንሽ መሆኑ ነው። ይህ ከቤተሰብ የሚወረስ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ዘለላው ቀጭን ሆኖ ብዛቱ ግን ጥቅጥቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የፀጉሩ ብዛት መቀነሱ ሲሆን፣ የራስ ቅል ቆዳ በፀጉሩ መሃል መታየት ሲጀምር ይታወቃል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ፀጉሩ መጎተትን የመቋቋም ዐቅሙ አነስተኛ ይሆናል። አንዲት ሴት ለዓመታት የተሠራችው ሹሩባ ምንም ሳያደርጋት እኅቷን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግንባሯን ሊያሸሻት የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሰው ራስ ላይ በአማካይ ወደ 100,000 የሚጠጉ ዘለላዎች አሉ። እያንዳንዱ ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለጥቂት ሳምንታት ይሸጋገራል፣ ለ3 ወር ያህል ዐርፎ ይወድቃል፤ ከዚያም በቦታው አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መውደቁ ጤናማ ነው። ሹሩባ ከሳምንታት በኋላ ሲፈታ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ በየቀኑ ሊወድቅ ይገባው የነበረው በጉንጉኑ ተይዞ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ያ ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያሳስበው ጠርዙ ላይ የቀረው ነው።

አመጣጡ

ፀጉር የሚበቅለው ቆዳ ውስጥ ከተቀበረ የፀጉር ከረጢት (ፎሊክል) ነው። ዘለላው ያለማቋረጥ ሲጎተት ከረጢቱ ይላላል፤ በዙሪያውም ብግነት ይፈጠራል። በዚህ ደረጃ ቆዳው ሊቀላ፣ ሊያሳክክ፣ ጥቃቅን ብጉሮች ወይም መግል የያዙ እባጮች ሊያወጣ ይችላል። ዘለላውን ከሥሩ አካባቢ እንደ እጅጌ የሚከብቡ ነጫጭ ቅርፊቶችም ይታያሉ። እነዚህ ከፎረፎር ጋር ይምታታሉ፤ ሆኖም ፎረፎር ሲነካ ይራገፋል፣ እነዚህ ግን ዘለላውን ተከትለው ይንሸራተታሉ። ጉተታው ከቀጠለ ከረጢቱ ወፍራም ዘለላ ማብቀሉን ትቶ ለስላሳና አጭር ፀጉር ብቻ ይሰጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋና ቦታው ለስላሳ ጠባሳ ይሆናል።

ጉዳቱን ከፍ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ። ጭማሪ ፀጉር ክብደት ይጨምራል፤ ያ ክብደት በቀጫጭን ጉንጉኖች ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ጉንጉን የያዛቸው ጥቂት ዘለላዎች ሸክሙን ሁሉ ይሸከማሉ። ፀጉርን በኬሚካል የሚያለሰልሰው ሪላክሰር ደግሞ የፀጉሩን ፕሮቲን የሚያያይዙትን የሰልፈር ትስስሮች በመበጠስ ነው የሚሠራው፤ ጥንካሬውም አብሮ ይቀንሳል። በሪላክሰር የተሠራ ፀጉር ላይ ወዲያው ሹሩባ መሠራት ከሁሉም የከፋው ጥምረት ነው። እርጥብ ፀጉርም በቀላሉ ስለሚለጠጥ ረጥቦ ሳለ ተወጥሮ የተሠራ ጉንጉን ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል።

የጥናት ታሪክ

ችግሩ መጀመሪያ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በአፍሪካ ሳይሆን በግሪንላንድ ነው። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ትሬቢች በ1907 እ.ኤ.አ. ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው የሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ግንባራቸውና ጆሮ ግንዳቸው ላይ ፀጉር እንደሳሳባቸው ገለጸ፤ ሁኔታውም ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ስም ሲጠራ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ፀጉራቸውን ጠቅልለው የሚያስሩ የባሌት ዳንሰኞች፣ ጥምጥም የሚያስሩ የሲክ እምነት ተከታይ ወንዶችና ሌሎችም ላይ ታይቷል። ከዘር ይልቅ ከአሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን ይህ በደንብ ያሳያል። ይሁንና የአፍሪካውያን ፀጉር ጥቅልልና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ፣ አሠራሩም ብዙ ጊዜ መጎተት ስላለበት፣ በጥቁር ሴቶች ዘንድ በብዛት ይታያል።

ሰፊው ጥናት የተካሄደው በደቡብ አፍሪካ ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲዋ የቆዳ ሐኪም ኖንህላንህላ ኩማሎ እና ባልደረቦቿ ባደረጉት ምርመራ ከተመረመሩት አዋቂ ጥቁር ሴቶች 31.7 በመቶው፣ ከተማሪ ልጃገረዶች ደግሞ 17.1 በመቶው ላይ ችግሩ ተገኝቷል። ጥናቱ ያገኘው ሌላው ነገር ለፀጉር ቤት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሲሠሩ ሕመም፣ ብጉር ወይም ቅርፊት የነበረባቸው ሴቶች አደጋቸው ከፍ ያለ ነበር።

በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር ኃይል ሴት አባላቱ ፀጉራቸውን አጥብቀው ከመጠቅለል ይልቅ ጎንጉነው ወይም በጅራት መልክ አስረው እንዲለቁት ፈቀደ። ካቀረባቸው ምክንያቶች መካከል ራስ ምታትና የፀጉር መርገፍ ነበሩ።

በኢትዮጵያ

ሹሩባ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው፤ የሴቶች ብቻም አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ 2ኛ እና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሥዕሎቻቸው ላይ የሚታዩት ፀጉራቸውን ተጎንጉነው ነው። በሰሜኑ ክፍል በነሐሴ አጋማሽ የሚከበሩት አሸንዳ፣ ሻደይ፣ አሸንድዬ እና ሶለል ልጃገረዶች አዲስ ሹሩባ ተሠርተው የሚወጡባቸው በዓላት ናቸው።

ወፍራም ጉንጉን ያለው አሠራር፣ ለምሳሌ አልባሶ፣ ሸክሙን በብዙ ዘለላ ላይ ስለሚያከፋፍል ከቀጫጭኑ ይልቅ ለሥሩ ይቀላል። የከተማው ልማድ ግን ወደ ቀጭንና ረጅም፣ ጭማሪ ወደ ገባበት አሠራር አዘንብሏል። ሹሩባ «ብዙ እንዲቆይ» ተብሎ ከግንባር ጀምሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይወጠራል፤ ጠብቆ መሠራቱም የባለሙያዋ ጥሩነት መለኪያ ተደርጎ ይታያል። የተሠራችው ልጅ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ ሌሊቱን በትራስ መደገፍ አቅቷት ብታድር «ትለምጅዋለሽ» ትባላለች፤ አንዳንዷም የራስ ምታት ማስታገሻ ውጣ ትተኛለች። ሁለት ቀን ቆይቶ ሕመሙ የሚጠፋው ልማድ ሆኖ ሳይሆን ሥሩ ስለላላ ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ልጅ የምታለቅሰው ሰነፍ ሆና እየተመሰለ ይታለፋልና።

በሳሳው ጠርዝ ላይ ቅቤ ማብዛትም የተለመደ ነው። ቅቤ የዘለላውን ገጽ ሸፍኖ ልስላሴ ይሰጣል፣ መሰበርንም ይቀንሳል፤ ቆዳው ውስጥ በጠባሳ የተተካን ከረጢት ግን አያስነሳም። በባሕርዩ ስስ በሆነ ፀጉር ላይ ሲበዛ ደግሞ ዘለላዎቹን አጣብቆ ቆዳውን ይበልጥ ያሳያል።

ምልክቶችና መለያዎች

ሳሳ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ፀጉሩ ከሚጎተትበት አቅጣጫ ጋር ይገጥማል። ሐኪሞች የሚፈልጉት አንድ ምልክት አለ፤ ከሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ በግንባሩ ጠርዝ ላይ፣ ቀጭን የለጋ ፀጉር መስመር ይቀራል። እነዚህ ዘለላዎች አጫጭር ስለሆኑ ጉንጉኑ ውስጥ ሳይገቡ ይተርፋሉ።

በሴቶች ላይ በዘርና በሆርሞን የሚመጣው መሳሳት ግን ከመሃል አናት ይጀምርና ፀጉር የሚከፈልበትን መስመር ያሰፋል፤ የግንባሩ ጠርዝ በአብዛኛው እንዳለ ይቆያል። ከወሊድ ሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ የሚታየው መርገፍ በመላው ራስ ላይ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል። የብረት ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክም በመላው ራስ ላይ ያሳሳሉ። በልጆች ላይ ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ ከታየ ጭርት ሊሆን ስለሚችል የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል። ከአንድ በላይ ምክንያት በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ ደግሞ ብርቅ አይደለም።

አያያዝ

የመጀመሪያው እርምጃ ጉተታውን ማቆም ነው። ሹሩባ ሙሉ በሙሉ መተው ግን ግዴታ አይደለም። ልምድ ያላቸው ፀጉር ሠሪዎች ጠርዝ ላይ ያለውን አንድ ጣት ያህል ፀጉር ከጉንጉኑ ውጭ ይተዉታል፣ ወይም ጠርዙን በወፍራሙና በላላው ይጀምሩና ወደ መሃል ሲገቡ ያጠብቃሉ። ጉንጉኑ ፀጉሩ የሚያድግበትን አቅጣጫ ቢከተል ወደ ላይ ከሚሳበው ይሻላል። ቀላሉ መለኪያ ሕመም ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሡ የሚያም ከሆነ ያኔውኑ መፍታት ይገባል። ሥራው ካለቀ በኋላ ይህን መናገር ለብዙ ሰው እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉንጉኖች እንደተሠሩ መናገሩ ይቀላል።

ሹሩባ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ የተሰፋ ጭማሪ ደግሞ ከስምንት ሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። በሁለት ሥራ መካከል ፀጉሩን ለጥቂት ሳምንታት ማሳረፍ፣ ከሪላክሰር በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መታገስ ይመከራል። ፒያስትራና ካስክ የሥር ጉተታ አያመጡም፤ ግን ዘለላውን አድርቀው ስለሚሰብሩ ቀድሞ በሳሳ ጠርዝ ላይ ሙቀቱን መቀነስ ይሻላል። ሌሊት የሐር ወይም የሳቲን ሻሽ ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ሻሹ ራሱ ግንባር ላይ ጠብቆ መታሰር ግን የለበትም።

የሳሳውን ለመሸፈን በፀጉር ቤት የሚደረጉ ነገሮችም አሉ። ጫፉ በአንድ መስመር እኩል የተቆረጠ አጭር ፀጉር፣ ተደራርቦ ከተቆረጠ ረጅም ፀጉር ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል። የሚከፈልበትን መስመር ከመሃል ወደ ጎን ማዞር፣ ጥቅልል ፀጉርን ደግሞ ሳይወጥሩ አፍሮ አድርጎ መልቀቅ ቆዳውን ይሸፍናል። ኮንዲሽነር ከሥሩ ይልቅ ጫፉ ላይ ቢደረግ ስስ ፀጉር አይተኛም። የቆዳውን ቀለም ከፀጉሩ ጋር የሚያመሳስሉ ዱቄት መሰል የኬራቲን ብናኞችም ለአንድ ቀን ያገለግላሉ። ብዙዎች ጠርዙን ለመሸፈን ወደ ዊግ ይሄዳሉ፤ ይህ የሚጠቅመው ዊጉ ላላ ብሎ ሲደረግና ማታ ሲወልቅ ብቻ ነው። በሙጫ የሚጣበቀው ሲነሣ የቀረውን ለጋ ፀጉር ይዞ ይወጣል።

ሕክምና

ብግነት ካለ የቆዳ ሐኪም በቅባት ወይም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ፣ መግል ካለም አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። ከረጢቶቹ በሕይወት ካሉ ሚኖክሲዲል ያግዛል። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ ለደም ግፊት ሲዋጥ ፀጉር ማብቀሉ ታይቶ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የሚቀባው ዓይነት ለፀጉር በአሜሪካ ተፈቀደ። ውጤቱ ለመታየት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ የባሰ ሊመስል ይችላል። ነፍሰ ጡሮች አይጠቀሙበትም።

በአዲስ አበባ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ ወደ አጠቃላይ የቆዳ ሕክምና የሰፋው አለርት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ችግሮች ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጠባሳ በተፈጠረበት ደረጃ የሚቀረው አማራጭ ከማጅራት አካባቢ የተወሰዱ የፀጉር ከረጢቶችን ወደ ጠርዙ መትከል ነው። ይህም የሚደረገው ብግነቱ ከጠፋና ጉተታው ከቆመ በኋላ ሲሆን፣ የተተከለው ፀጉር እንደ ድሮው ተወጥሮ ከተሠራ እሱም ይረግፋል።