የሂሞፊሊያን መድኃኒት ስለሚያከሽፈው ፀረ አካል፦ የአገሮች ቍጥር ለምን ይለያያል?

ሂሞፊሊያ በዘር የሚወረስ ደዌ ነው። የሚመጣውም ደምን ከሚያረጉት ነገሮች አንዱ፥ ይኸውም ፋክተር 8 ወይም ፋክተር 9 የሚባለው ሲጐድል ነው። ሕክምናው የጐደለውን መተካት ነው። ነገር ግን የአንዳንዱ በሽተኛ ሰውነት የተሰጠውን ፋክተር እንደ ጠላት ቈጥሮ ፀረ አካል ያበጅበታል፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ቢሰጥም ደሙ አይቆምለትም። ክራዶክና ሎውረንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የሁለት በሽተኞችን ታሪክ ጽፈው ይህን ነገር አስረዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ፋክተር 8 ጐድሎባቸው ደዌው ከጸናባቸው መካከል ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበዛው ይህ ይደርስበታል፤ በፋክተር 9 ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ቍጥሩ ከአገር ወደ አገር የሚለያየው ስለ ምንድን ነው? ብዙዎች ምክንያቱን በዘር ይፈልጉታል። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ማን ምን መድኃኒት ወሰደ፥ ማንስ ተመረመረ የሚለው ነው።

ለዚህ የሆላንድና የቤልጅግ ታሪክ መልካም ማስረጃ ይሆናል። ከ1980 በኋላ ባሉት ዓመታት የኤይድስ ቫይረስ ከሰው ደም በተሠራ ፋክተር ወደ ብዙ በሽተኞች ስለ ተላለፈ፥ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን በሙቀት ማጥራት ዠመሩ። በ1990 ገደማ ወተት በሚጠራበት በፓስተር ዘዴ የተዘጋጀ አዲስ ፋክተር 8 በሁለቱ አገሮች ተሰጠ። ፀረ አካሉ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተዠመረባቸው በመጀመሪያዎቹ 50 የሕክምና ቀኖች ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር የታከሙ ሰዎች በድንገት ተያዙ። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በበሽተኞቹ ደም ሳይሆን በመድኃኒቱ አገኙት፤ ሙቀቱ የፋክተሩን መልክ ለውጦት ነበር። መድኃኒቱም ሲቀየር ሁኔታው ተሻሻለ። በ1995ም ሁለት ጊዜ በተለያየ ዘዴ የጠራ ሌላ ምርት በጀርመንና በቤልጅግ ተመሳሳይ ችግር አምጥቶ ከገበያ ተነሣ። በእነዚያ ዓመታት ካርታውን ብቻ የተመለከተ ሰው ስለ ሆላንዳውያን ደም ልዩ ጠባይ መጽሐፍ በጻፈ ነበር!

ይህን ስል የዘር ነገር ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ፀረ አካሉ በጥቁሮች ላይ ከነጮች ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። በ2009 የወጣ ጥናት ምክንያቱ የአንዳንድ ጥቁሮች ፋክተር 8 በፋብሪካ ከሚሠራው ትንሽ ስለሚለይ ይሆናል አለ፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን ይህን አላጸናውም።

በ2016 ደግሞ ከ14 አገሮች በተሰበሰቡ 251 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከሰው ደም የተሠራውን ፋክተር ከወሰዱት 26.8 ከመቶ፥ በጄኔቲክ ጥበብ የተሠራውን ከወሰዱት ግን 44.5 ከመቶ ፀረ አካል አበጁ። ስለዚህ ሁለት አገሮች የሚገዙት መድኃኒት ከተለያየ ቍጥራቸውም ሊለያይ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝቅተኛው ቍጥር ነው። ፋክተር ያልወሰደ በሽተኛ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ፀረ አካል አያበጅም፤ በልጅነቱ ደም ፈስሶት የሞተም አይቈጠርም። መለኪያው በ1975 የወጣ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ካለችው ከቤተዝዳ ከተማ ነው። (የከተማዋ ስም በወንጌል ድውያን ይጠባበቁባት ከነበረችው መጠመቂያ የመጣ ነው።) የበሽተኛው ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር ተደባልቆ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ2 ሰዓት ይቆይና ምን ያህል ፋክተር እንደ ቀረ ይለካል። ይህን የሚያደርግ ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ደሙ አልቆም ያለው ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።