ከሸክላ ጡጦ እስከ ሃይላንድ ጠርሙስ



ከማኅበሩ በብድር የወሰድኳት ፍየል ባለፈው ዓመት መንታ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተችብኝ። ሁለቱን ግልገሎች በልጄ አሮጌ ጡጦ ለማሳደግ ተነሣሁ። ወንዱ ጩኸታም ነበር፤ አንጀቴ አልችል እያለ በጮኸ ቁጥር ወተት ሰጠሁት፣ ያውም ያደረ ቀዝቃዛ። በስምንተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሞተ። ጩኸቱን እንጂ ሆዱን አላየሁም፤ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ይሏል ይኼ ነው። ብድራችን የሚመለሰው በግልገል ስለሆነ ጉዳቱ በእኔ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች እኅታችን ስድስት ወር ተጨማሪ ጠበቀች።

ስሕተቴ ምን እንደነበር ለማወቅ ግብርና ከምትማረው የእኅቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ስናነብ፣ ጡጦ የራሱ ረጅም ታሪክ እንዳለው አወቅሁ። ያንን ታሪክ ላካፍላችሁ።

በጀርመን አገር በባቫሪያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ዘመን በተቆፈሩ የሕፃናት መቃብሮች ውስጥ ትናንሽ የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ሕፃን አፍ የሚገባ ቀጭን ጡት አለው። ተመራማሪዎች በውስጣቸው የቀረውን ቅባት መርምረው የሚያመሰኩ እንስሳት ወተት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳወቁ። እንግዲህ የእናት ጡት ሲጠፋ የላምና የፍየል ወተት ይዞ የመሮጥ ጭንቀት የትናንት አይደለም። ዕቃዎቹ የተገኙት ከመቃብር መሆኑን ግን ልብ በሉ።

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በፈረንሳይ የተጣሉ ሕፃናትን የሚያሳድጉ ሆስፒታሎች ሌላ ዘዴ ሞከሩ፤ ሕፃኑን በቀጥታ ከፍየሏ ጡት ያጠቡት ነበር። ፍየል ገር ናት፣ ጡቷም ለሕፃን አፍ ይመቻል። ወተቱ ትኩስ ነው፣ በቆሸሸ ዕቃም አያልፍም። ያኔ ፍየል የእኛን ወላጅ አልባ አሳደገች፤ ዛሬ እኛ የእሷን እናሳድጋለን።

ኤላይጃ ፕራት የተባለ የኒውዮርክ ሰው የጎማ ጡጦ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው የጠርሙስ ጡጦ በአውሮፓ ገበያ ላይ ዋለ። እናቶች ወደዱት፤ ሕፃኑ ማንም ሳይዘው ተኝቶ ይጠባል። ቱቦው ግን ውስጡ አይታጠብም ነበር። የቀረው ወተት እየበሰበሰ ተቅማጥ አመጣ፣ ብዙ ሕፃናትም አለቁ። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ቢጮኹም መሸጡ አልቆመም፤ ፈረንሳይ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የሚመች ዕቃ ሁሉ ደኅና አይደለም።

የግልገል ሆድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ፍየል አራት ክፍል ያለው ሆድ አላት። ግልገሉ ሲጠባ ከጉሮሮው በታች ያለ ቦይ ይዘጋና ወተቱን ጨጓራውን አሳልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ያደርሰዋል። ወተት የሚፈጨው እዚያ ነው። ከሳሕን በጥድፊያ ሲጋት ወይም በግድ አፉ ውስጥ ሲፈስበት ግን ቦዩ በደንብ ላይዘጋ ይችላል፤ ወተቱ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ይቦካል። በአንድ ጊዜ ሲበዛበትም ሳይፈጭ የቀረው ለጀርም ምግብ ይሆናል፣ ሆዱም በአየር ይነፋል። የእኔ ግልገል የሞተው ተርቦ ሳይሆን ጠግቦ ነው።

የተቅማጥ ታሪክ መልካም ምዕራፍም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በኮሌራ ሲያልቁ ግሉኮስ ጨረሰ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በውሃ የተበጠበጠ ስኳርና ጨው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። ከ100 ሕመምተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ ከጤና ጣቢያ የምናገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም የዚሁ ዓይነት ነው። የሚያስቀምጠውን ግልገልም የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ማለቅ ነው።

በአገራችንም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በሐረርጌና በደቡብ ለችግረኛ ሴቶች ፍየል በብድር ሰጥቶ ነበር፤ ዕዳውም የሚከፈለው በግልገል ነበር። የእኛም አሠራር ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አንዲት ግልገል ማዳን አንዲት ሴት ከተራ ማውጣት ነው።

ሴቷ ግልገሌ የተረፈችው በዚህ ነው፤ ሞክሩት።

እንገሩን በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስጡት። ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሊትር ያህል፣ ከፋፍላችሁ። እናቱ ከሞተች ከሌላ አራስ ፍየል ለምኑ።

ከዚያ በኋላ በቀን ከክብደቱ አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ አራት ጊዜ ተከፍሎ፣ በተወሰነ ሰዓት። ቢጮኽም ሰዓቱን ጠብቁ።

ወተቱ እንደ እናቱ ገላ ይሙቅ። ግልገሉ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጥባ፤ እንደ ሕፃን አታጋድሙት።

የሃይላንድ ጠርሙሱንና ጡጦውን በየጊዜው በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ጡጦውን ቀቅሉት።

ካስቀመጠው፣ ለአንድ ሊትር ፈልቶ ለበረደ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በወተት ሰዓቶች መካከል ስጡት። ደም ካዩበት ወይም ሆዱ ከተነፋ ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

ያቺ ግልገል አድጋ ዘንድሮ ወለደች። የመጀመሪያዋን ሴት ግልገል በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አስረክባለሁ። የምትረከባት እኅታችን ጡጦም አብሬ እሰጣታለሁ፤ የታጠበ።