ከአንድ ሕንፃ ሁለት መዝገብ

የ1987 ዓ.ም. የሕግ ተመራቂዎች 30ኛ ዓመታችንን ስናከብር የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ስለ ጥብቅና ሕይወትህ ጻፍልን» አሉኝ። የግል ታሪኬ ብዙ ገጽ አይሞላም። ይልቅ የሠራሁበትን ሰፈርና የቆምኩባቸውን ክርክሮች ታሪክ ባወራ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰፈሩ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት ያለው የከተማው ምሥራቅ ነው። ክርክሮቹ ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የንግድና የአካል ጉዳት ካሣ። የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከአንድ ሕንፃ ነው።

ቦሌን ቦሌ ያደረጋት አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ቀድሞ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ሜዳ ላይ ነበር፤ በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ሲኤምሲም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ነጋዴ ከነጋዴ የሚካሰስበት ነገር እየሳሳ ሄደ። እኛ የመጨረሻው ዓመት ላይ ልንደርስ ስንል፣ በ1986 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 84 እና 86 የግል ባንክና ኢንሹራንስ ፈቀዱ። ከዚያ ብድር መጣ፤ ብድር ሕንፃ አመጣ፤ ሕንፃ ደግሞ ክስ አመጣ።

የምንከራከርባቸው መጻሕፍት ግን ዕድሜያቸው ከእኛ ይበልጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ የታወጁት በ1952 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ1956 ዓ.ም. በዲን ጄምስ ፖል መሪነት ስድስት ኪሎ የተከፈተው ፋኩልቲያችን እነዚህን መጻሕፍት የሚያስተምር ቤት ሆነ። ፕሮፌሰር ጆርጅ ክሸቹኖቪች ስለ ከውል ውጭ ኃላፊነት የጻፉትን መጽሐፍ በእኛ ዘመንም ከቤተ መጻሕፍት በወረፋ ነበር የምናገኘው።

በአዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲቋቋሙ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ክርክር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የመጀመሪያ ደረጃው ጣሪያ 10 ሚሊዮን ብር ደረሰ። የሰፈራችንን የዋጋ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ማንበብ ይቻላል። የሚገርመው አውሮፕላኑ ከልደታ ወደ ቦሌ ሄደ፤ የቦሌ ነጋዴ ደግሞ መዝገቡን ይዞ ወደ ልደታ ችሎት ይመላለሳል።

የንግድ ክርክር በመሠረቱ የወረቀት ክርክር ነው። ሥራ ተቋራጩ የክፍያ ሰርተፊኬቱን፣ ባለሕንፃው የመዘግየት ቅጣት ስሌቱን፣ ቤት ገዢው የቅድመ ክፍያ ደረሰኙን፣ ባለአክሲዮኑ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ይመጣል። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ስለሚችል፣ ተበዳሪው ብዙውን ጊዜ ቢሮ የሚመጣው ሐራጁ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው። ጊዜም አለው፤ ከውል የሚመነጭ መብት መደበኛ ይርጋው 10 ዓመት ነው።

ጉዳት የደረሰበት ሰው እንዲህ አይታደልም። ከውል ውጭ ላለ ጉዳት በአንቀጽ 2143 የተሰጠው ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ብቻ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል፣ ጠበል ቤትና ዘመድ ቤት ሲንከራተት ያልቅበታል። የመኪና አደጋ የደረሰበት ትንሽ ይሻላል። በአንቀጽ 2081 ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ማምለጫው የተጎጂው ጥፋት ነው። ቀለበት መንገዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሮቻችንን ለሁለት ከከፈለ ወዲህ፣ «ድልድዩ እያለ በአጥር ዘሎ ነው» የሚል መልስ ያልገጠመው ጠበቃ በመካከላችን የለም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አዋጅ ቁጥር 799/2005 መንገድ አቅልሏል፤ ሆኖም ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የወሰነው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር።

አንድ መዝገብ ላንሳ፤ ስም አልጠራም። ቦሌ ውስጥ ከሚሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ከመወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ወንድሙ ደግፎት መጣ። ከወደቀ 20 ወር አልፎት ነበር። ያሠራው የንዑስ ተቋራጩ ካቦ ጠፍቷል። መወጣጫውን የሠራውን ዋናውን ተቋራጭ በደሃ ደንብ ከሰስን። ተቋራጩም «በሳይታችን ሠርቶ አያውቅም» ብሎ መልስ ሰጠ። ልጁ የሥራ ውል የለውም፤ የደመወዝ ወረቀት የለውም፤ አብረውት የሠሩት ወደየአገራቸው ተበትነዋል።

በዚያው ሰሞን ባለሕንፃውና ተቋራጩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በሚሊዮኖች ይካሰሱ ነበር። ባለሕንፃው «ሥራው ቆሞ ነበር፤ የመዘግየት ቅጣት ይከፈለኝ» ይላል። ተቋራጩ ደግሞ አለመቆሙን ለማስረዳት የንዑስ ተቋራጮቹን ሳምንታዊ የሠራተኛ ዝርዝር አያይዟል። ይህን የነገረኝ በባለሕንፃው በኩል የቆመው የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ በግልጽ ችሎት የተባለ ነገር ስለሆነ ምስጢር አላወጣም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት መዝገቡ እንዲቀርብልኝ አመለከትኩ። ልጁ በወደቀበት ሳምንት ዝርዝር ላይ ስሙ፣ የቀን ክፍያውና የጣት አሻራው ተገኘ። ሥራው አልቆመም ብሎ ለማስረዳት ያቀረቡት ወረቀት ልጁን መሰከረለት።

ፍርድ ቤቱ የገቢ ጉዳቱን በአንቀጽ 2102 በርትዕ ወስኖ፣ ለሕሊና ጉዳቱ 1,000 ብር ጨመረለት። ልጁ ውሳኔውን አንብቦ «ጋሼ፣ ይቺ ሺህ ብር ደግሞ የምንድን ናት?» አለኝ። ሕጉ ለሥቃይህ የሚፈቅደው ይኸንኑ ነው አልኩት።

ዳኛው ምንም ምርጫ አልነበራቸውም። አንቀጽ 2116(3) የሕሊና ጉዳት ካሣ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.50 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ 1,000 ብር 400 ዶላር ያህል ነው። ዛሬ፣ ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ 10 ዶላር አይሞላም።

ታዲያ ሕጎቻችን አይሻሻሉም እንዳይባል፣ በ2013 ዓ.ም. ብቻ ምን እንደተደረገ እንይ። አዋጅ ቁጥር 1243 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበረውን የ1952ቱን ሕግ ተካ። አዋጅ ቁጥር 1237 ለግልግል ዳኝነት አዲስ ሥርዓት ሰጠ። አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተን እንድንሠራ ፈቀደ። ሦስቱም ያስፈልጉ ነበር፤ እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሕንፃ የሚያሠራው ሰው ሕጉ ታደሰለት። ከሕንፃው የሚወድቀው ሰው ግን ዛሬም የሚዳኘው በ1952ቱ ዋጋ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ሲወድቅ 157 ሰው አለቀ። የቤተሰቦቹ ክስ በቦይንግ ላይ ቺካጎ በሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ታየ፤ ኩባንያውም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ካሣ የመክፈል ኃላፊነቱን ተቀበለ። እዚያ የክርክሩ አንዱ ዋና ጉዳይ የቤተሰብ ሐዘን በገንዘብ እንዴት ይለካል የሚል ነበር። እኛ ይህን ጥያቄ ችሎት ላይ አንከራከርበትም፤ መልሱ ከስልሳ ዓመት በፊት ተጽፎ አልቋል።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ የልደታና የቦሌ ምድብ ችሎቶችን የጉዳት መዝገቦች ይቁጠር፤ ስንቱ በይርጋ እንደተዘጋ፣ ስንቱ በ1,000 ብር እንዳለቀ ይጻፍ። የሕግ ማሻሻያ ረቂቅ ያለ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቆምም። የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት የጣለብንን የ50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት ከፊሉን ለቀን ሠራተኞች እናውለው፤ ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ የሚደርስላቸው ሰው ነው ያጡት። እኔም የዘጋኋቸውን የጉዳት መዝገቦች ደንበኞቼን አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ሸፍኜ ለፋኩልቲው ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።