የበግ ወሊድና የግልገል አያያዝ በመንዝ

የበግ ወሊድና የግልገል አያያዝ በመንዝ እናት በግ ካረገዘችበት ጊዜ ጀምሮ ግልገሏ ጡት እስኪተው ድረስ በአነስተኛ አርሶ አደር ቤት የሚከናወነውን የእርባታ ሥራ ይመለከታል። መንዝ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ ደጋ አካባቢ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን ኑሮው በዋናነት በገብስና በበግ ላይ የተመሠረተ ነው። ገብሱ በውርጭ ወይም በበረዶ በተመታ ዓመት በግ ተሽጦ እህል ይሸመታል። በደህናውም ዓመት ለማዳበሪያ፣ ለዘርና ለልጆች ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ከጠቦት ሽያጭ ይገኛል።

የመንዝ በግ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ አንድ ግልገል ሲሞት የእናቲቱ የአምስት ወር እርግዝና ከንቱ ይቀራል። የግልገሉ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በሁለት አጭር ጊዜያት ነው። እነዚህም ከወሊድ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታትና ከወሊድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ናቸው።

የመንዝ በግ

የመንዝ በግ በአካሉ ትንሽ፣ ላት ያለውና ሻካራ ጸጉር የለበሰ የደጋ ዝርያ ነው። ቀለሙ በብዛት ጥቁር ወይም ቡናማ ሲሆን ነጭ ጣል ጣል ያለበትም አለ። አውራዎቹ ቀንድ ሲኖራቸው እንስቶቹ በአብዛኛው ጎዳ ናቸው። ከጸጉሩ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። ዝርያው ብርድን፣ የመኖ እጥረትንና የውስጥ ጥገኛ ትሎችን በመቋቋም ይታወቃል። አዲስ የተወለደ ግልገል ግን ክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነና በአካሉ ያከማቸው ስብ ጥቂት ስለሆነ የደጋው ብርድ በቀላሉ ይጎዳዋል።

የእርግዝና ጊዜና የወሊድ ወቅት

የበግ እርግዝና በአማካይ ወደ 150 ቀን ይጠጋል። ይህም በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከአምስት ወር ጋር ስለሚገጥም ስሌቱ ቀላል ነው። ጥር 10 የተጠቃች በግ ሰኔ 10 አካባቢ ትወልዳለች። በመካከል ጳጉሜን ካለች አምስት ቀን ይቀነሳል፤ ሚያዝያ 10 የተጠቃች በግ የምትወልደው መስከረም 5 አካባቢ ነው።

በአውሮፓ የበጎች ስሪያ ከቀን ርዝመት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ግልገሎች በብዛት የሚወለዱት በጸደይ ነው። በኢትዮጵያ የቀን ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ እንስት በግ በማንኛውም ወር ልታረግዝ ትችላለች። አውራና እንስት በጋራ ግጦሽ ላይ አብረው ስለሚውሉም ወሊድ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። እርግዝናው በብዛት የሚይዘው ግን ዝናብ ጥሎ ሣር ከበቀለና እናቶቹ ካገገሙ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ የወሊድ ወቅት የራሱ ችግር አለው። በክረምት የሚወለድ ግልገል ዝናብና ጭቃ ይገጥመዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወለደው ደግሞ ሌሊት ውርጭ ያገኘዋል። በበጋው መጨረሻ ሣሩ ስለሚደርቅ የእናቲቱ ወተት ይቀንሳል። በመስከረም መጀመሪያ የሚወለድ ግልገል የተሻለ ዕድል አለው፤ ምክንያቱም እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ የክረምቱን ለምለም ሣር ስትግጥ ቆይታለች፣ ስታጠባም ሣሩ ገና አልደረቀም። ይህ ግልገል የፋሲካ ገበያ ሲደርስ ሰባት ወር ገደማ ይሆነዋል። እንዲህ እንዲሆን ግን ስሪያው በሚያዝያ መሆን ስላለበት በልግ ሳይጥል በቀረ ዓመት ዕቅዱ ይስተጓጎላል።

የእርጉዝ በግ አመጋገብ

ጽንሱ ከሚያድገው ዕድገት አብዛኛው የሚፈጸመው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። በዚሁ ጊዜ የእናቲቱ ጡት እንገርና ወተት ለመስጠት ይዘጋጃል። በሌላ በኩል ጽንሱ ሆዷን ስለሚያጣብብ ብዙ ገለባ መብላት አትችልም። ስለዚህ ከብዛቱ ይልቅ የመኖው ጥራት ይበልጥ ያስፈልጋታል። ከግጦሽ ስትመለስ የባቄላ ወይም የአተር ገለባ፣ አተላ፣ ፉርሽካ ወይም ጥቂት ፋጉሎ ከጨው ጋር ይሰጣታል። ሁሉንም በጎች መመገብ ለማይችል ቤተሰብ እርጉዞቹን ለይቶ ማታ ማታ መመገብ ያለውን መኖ በሚገባ መጠቀም ነው።

የበግ ክሳት ከጸጉሯ ሥር ስለሚደበቅ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። በመዳፍ የጀርባ አጥንቷን መዳሰስ ይሻላል። አጥንቱ ሾሎ ከተገኘ በጓ ከስታለች። የከሳች እናት ትንሽ ግልገል ትወልዳለች፣ እንገሯም ጥቂት ይሆናል፤ ግልገሏንም ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

ወሊድ

ወሊድ ሲቃረብ የበጓ ጡት ያጋታል፣ የላቷ ሥር ይረግባል። ከመንጋው ትለያለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ደጋግማም ትተኛለች ትነሳለች። በዚህ ጊዜ ወደ ሩቅ ግጦሽ አትላክም፤ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበትና ነፋስ በማይገባበት የጉረኖ ጥግ ትቆያለች።

በተለመደው አወላለድ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ሁለቱ የፊት እግሮች ይቀድማሉ፣ አፍንጫውም በእግሮቹ ላይ ተኝቶ ይከተላል። አብዛኞቹ በጎች ያለ እርዳታ ይወልዳሉ። አንዲት በግ አንድ ሰዓት ያህል አጥብቃ አምጣ ለውጥ ካልታየ፣ ጭንቅላት ያለ እግር ወይም ጅራት ብቻ ከታየ እርዳታ ያስፈልጋታል። የሚረዳው ሰው ጥፍሩን ቆርጦ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ግልገሉን የሚስበውም በጓ በምታምጥበት ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ነው። የተጣመመውን ማቃናት ካልቻለ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል።

የእንግዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ሳይወጣ ከቀረ ጎትቶ ማውጣት ደም መፍሰስን ያስከትላል። የወጣውም ውሾች እንዳያገኙት ይቀበራል።

የመጀመሪያው ቀን

ግልገሉ እንደተወለደ አፍና አፍንጫው ከንፍጥ ይጸዳል። እናቲቱ እንድትልሰው መተው ያስፈልጋል፤ መላሱ ያደርቀዋል፣ ደሙን ያንቀሳቅሳል፣ ሽታውንም ያስለምዳታል። እናቲቱ ካልላሰችው በጭድ ወይም በጨርቅ ታሽቶ ይደርቃል። እትብቱ አዮዲን ውስጥ ይነከራል፤ ይህ ካልተደረገ ጀርም በእትብቱ ገብቶ መገጣጠሚያዎቹን ሊያሳብጥ ይችላል።

ጤነኛ ግልገል በግማሽ ሰዓት ገደማ ቆሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል። የመጀመሪያው ወተት፣ ማለትም እንገር፣ ምግብም መከላከያም ነው። በበግ እርግዝና የበሽታ መከላከያ አካላት ከእናት ወደ ጽንስ ስለማያልፉ ግልገሉ ያለ መከላከያ ይወለዳል። የሚያገኛቸውም ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ እነዚህን ተቀብሎ ወደ ደም የማሳለፍ ችሎታው በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ያበቃል። በመጀመሪያው ቀን ግልገሉ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 200 ሚሊ ሊትር ያህል እንገር ያስፈልገዋል። የ2 ኪሎ ግልገል 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ይህም በጥቂት በጥቂቱ የሚጠባ ነው።

ግልገሉ መጥባቱን ለማወቅ ሆዱን መዳሰስ፣ መብረዱን ለማወቅ ደግሞ ጣትን አፉ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። አፉ ከቀዘቀዘ አደጋ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ የሚችል ከሆነ ደርቆና በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብ ያለ እንገር ይሰጠዋል። ጭንቅላቱን መያዝ ያቃተው ግልገል ግን በአፉ ወተት ቢፈስበት ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል የእንስሳት ጤና ባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል።

እናት የሌላቸው ግልገሎች

እናቱ የሞተችበት ወይም የገፋችው ግልገል ከሌላ አራስ በግ በታለበ እንገር ይጀመራል። እሱ ከታጣ በቅርቡ የወለደች ላም እንገር ይተካዋል። ቀጥሎ የላም ወተት በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ተደርጎ በንጹሕ ጡጦ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይሰጣል።

ግልገሏ የሞተባት እናት ሌላ ግልገል እንድትቀበል ማላመድ ይቻላል። በግ ልጇን በመጀመሪያ የምትለየው በሽታ በመሆኑ እንግዳው ግልገል በወሊዷ ፈሳሽ ይታሻል፣ ወይም የሞተው ግልገል ቆዳ ለጥቂት ቀን ይለብሳል። ማላመዱ የሚሳካው በወለደችበት ዕለት ሲጀመር ነው።

በሽታና ሌሎች አደጋዎች

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ግልገሎችን የሚጎዱት በዋናነት ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና ጥገኛ ትሎች ናቸው። የጉረኖው እርጥበትና የተከማቸ በጠጥ ተቅማጥንና የሳንባ በሽታን ያባብሳሉ። ረግረጋማ ግጦሽ ላይ የጉበት ትል ይገኛል፤ የሳንባ ትልም የደጋው የተለመደ ችግር ነው። አዙሪት የሚባለው በሽታ ደግሞ በውሻ የኮሶ ትል ምክንያት በበግ አንጎል ውስጥ የሚፈጠር ውሃ ያዘለ ከረጢት ነው። የታረደ ወይም የሞተ በግ ጭንቅላት ለውሻ አለመስጠት ስርጭቱን ይቀንሳል። ለበግ ፈንጣጣና ለፓስቸሬሎሲስ ክትባት አለ፤ ክትባቶቹ የሚመረቱት ቢሾፍቱ በሚገኝ ተቋም ነው።

በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙ በጎች ከጨነገፉ ምክንያቱ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ወደ ሰው ስለሚተላለፉ የጨነገፈውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ማዋለድ አይኖርባቸውም።

ጡት መተውና ዝርያ ማሻሻል

ግልገሉ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ሣር መቀንጠስ ይጀምራል። ጡት የሚተወው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እንስቶቹ ለእርባታ ሲቀሩ ወንዶቹ በጠቦትነት ይሸጣሉ ወይም ተኮላሽተው ሙክት ይሆናሉ።

ይህ ልማድ አንድ ጉዳት አለው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ቀድሞ ገበያ ስለሚወጣ መንጋውን የሚያጠቃው ያልተሸጠው ደካማ አውራ ይሆናል። በዚህም የሚቀጥለው ትውልድ ግልገል ያንሳል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍና የኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀምረዋል። በመንዝ አርሶ አደሮች የወሊድ ቀንና የግልገል ክብደት ያስመዘግባሉ። በስድስት ወር ክብደታቸው የተሻሉ ጠቦቶችም ሳይሸጡ ተመርጠው በየመንጋው በጋራ ያገለግላሉ። አውራዎቹን ማዘዋወር በዘመዳሞች መካከል የሚደረግ ስሪያንም ይቀንሳል፤ ከዘመዳሞች የሚወለድ ግልገል ደካማና ለሞት ቅርብ ስለሆነ ይህ የግልገልን ሞት ለመቀነስም ይጠቅማል።