በሮቢት የጃጁ አረጋውያንን የማስታመም ልማድ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና፣ በራያ ሜዳ ላይ በምትገኘው በሮቢት፣ አንድ ሽማግሌ በዘመነ እርጅናው ልቡናው ሲከዳው፣ የልጁን ስም ሲዘነጋና ከሞቱ ብዙ ዓመታት ያለፏቸውን ባልንጀሮቹን ሲጣራ፣ ሰው «ጃጀ» ይላል እንጂ ታመመ አይልም ነበር፤ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ደዌውን ለሊቃውንት ጉባኤ ካስረዳ በኋላም እንኳ በዓለሙ ሁሉ ለረጅም ዘመን የእርጅና ባሕርይ ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል።

ማስታመሙ ግን ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት ወራት ከቤቱ ወጥቶ መንገድ የጠፋውን አረጋዊ የሚመልሰው እረኛው ነው፤ የማን አባት መሆኑን ያውቃልና «አባባ፣ ቡናው ፈልቷል፣ ቤት ይግቡ እንጂ» ብሎ እጁን ይዞ ያደርሰዋል። ዋናው ሸክም የሚወድቀው በሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ሲሆን፣ እርሷም አቦሉን እየቀዳች «እማማ ዛሬ ማን ነሽ አለችኝ» ብላ ስታለቅስ፣ ይህን ያሳለፈች ጎረቤት «አትከራከሪያት፣ እሺ በያት» ትላታለች፤ ከዚህ የተሻለ ምክር ከሐኪምም ዘንድ ብዙ አይገኝም።

ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት የሚይዘው ቅሬ የተባለው የወሎ ዕድር መቃብር ይቆፍራል፣ ኀዘንተኛውን ያበላል፤ የተመሠረተው ግን ለሞት ነው። ነፍስ ሳትወጣ ለዓመታት የምትለቀሰውን እናት የምታስታምም ሴት ከዚህ ተራድኦ ውጭ መቅረቷ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚያም የ1966ቱ ረኃብ ብዙ ቤት አፈረሰ፤ ወጣቱም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ መሰደድን ልማድ ሲያደርገው፣ ከልጆች አንዲቱ ብቻ ከወላጅ ጋር የቀረችበት ቤት በዛ። ለእንዲህ ያለው ብቸኝነት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ፓትሪሺያ ብሬናን የተባለች የነርስነት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ መላ ፈልጋ፣ በአስታማሚዎች ቤት ኮምፒዩተር አስቀምጣ በስልክ መስመር ስላገናኘቻቸው፣ ቤተ ሰቡ በተኛበት ሌሊት እንኳ እርስ በርሳቸው እየተጻጻፉ ይጽናኑ ነበር።

በሮቢት ይኸው ነገር ማንም ሳያደራጀው በእጅ ስልክ መጣ። ሪያድ ያለችው እኅት በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ፊቷን እያሳየች እናቷን ታጫውታለች፣ ለወጪው ገንዘብ ትልካለች፤ ከሁሉም በላይ ግን የአስታማሚዋን ምሬት ሳትቸኩል ትሰማለች። ጸጋው ግን አልጸናም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲውጠው ስልኩ ተቋረጠ፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ደግሞ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ፤ መርሳት ለያዛት እናት ያን ያህል ጊዜ የልጅን ፊት አለማየት ከባድ ነው።

ስለዚህ ተስፋዬ ወደ ቅሬው ይመለሳል፤ ለለቅሶ ቤት ተራ አውጥቶ ውኃ የሚያስቀዳው፣ እንጀራ የሚያስጋግረው ማኅበር፣ ታማሚዋ በሕይወት ሳለችም በሳምንት አንድ ሌሊት አስታማሚዋን የምታሳርፍ ሴት እንዲመድብ፣ በስደት ያሉትም ልጆች መዋጮአቸውን ለዚሁ እንዲልኩ የቅሬውን ዳኞች እለምናለሁ።