ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

ስለ ላሊበላ የሚጽፍ ሰው ስለ አለቱ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን ስለ አየሩ ነው።

ከላሊበላ ወደ ጋሸና በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዳገቱ ሲበረታ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ መኪናዋ ታቃስታለች። በአንድ እንዲህ ባለ ጉዞ «ምን ሆና ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ምንም አልሆነች፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ለአነጋገር ውበት ያለው መስሎኝ ነበር። ኋላ የእሽቅድምድም ሞተር ሠሪዎችን ታሪክ ሳነብ ግን ሰውየው እውነቱን ብቻ እንደተናገረ ገባኝ።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። የሲሊንደሩ ስፋት በጅቡቲ ወደብም በላስታም ያው ነው፤ ፒስተኑ በሳበ ቁጥር የሚገባው አየር ግን ያንሳል። አየር ካነሰ በደንብ የሚነደው ነዳጅ ያንሳል፤ ጉልበትም እንዲሁ።

ለዚህ መላ የሚሆነውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በከንቱ ከሚበተን ትንሽ መዘውር ያሽከርክር፤ ያም በዘንግ የተያያዘውን ሌላ መዘውር አዙሮ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይግፋ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ዛሬ ተርቦ የምንለው ማለት ነው። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ሊበርቲ የተሰኘውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ተራራው 4,300 ሜትር ይደርሳል፤ የላሊበላ ሰው ቀና ብሎ የሚያየውን አቡነ ዮሴፍን የሚስተካከል ነው። ከታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ ሲደርስ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሙከራው በአቡነ ዮሴፍ ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ በቅሎዎቻችን ምን ይሉ ነበር?

የፎርሙላ ዋን ሕግ ከ1966 ጀምሮ ሁለት መንገድ ይፈቅድ ነበር፤ ተርቦ የሌለው ባለ 3 ሊትር ሞተር፣ ወይም ተርቦ ያለው ባለ 1.5 ሊትር። ሁሉም የመጀመሪያውን መረጠ። እንግሊዛዊው ኪት ዳክዎርዝ የነደፈው የኮስዎርዝ ሞተር በ1967 ብቅ ብሎ ሜዳውን ሞልቶት ነበርና። ሁለተኛውን መንገድ የደፈሩት ከፓሪስ አጠገብ ቪሪ ሻቲዮን የሚሠሩት የሬኖ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በርናር ዱዶ ዋነኛው ነበር። መኪናቸው በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ ቀረበች። ሞተሯ ይግላል፤ ይፈነዳል፤ ይጨሳል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጉልበቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ መዘውሩ እስኪፈጥን መጠበቅ ግድ ነውና። ተፎካካሪዎች «ቢጫዋ የሻይ ማንቆርቆሪያ» ብለው ሳቁባት። እኛ ብንሆን ጀበና እንላት ነበር።

ሳቁ የቀነሰው ከፍታ ላይ ነው። በ1979 ውድድሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ሄደ፤ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ። በዚያ አየር የኮስዎርዝ ሞተሮች ወደ 15 በመቶ የሚሆን ጉልበት ሲያጡ፣ የሬኖው መዘውር የጎደለውን እየሞላ ዣን ፒየር ዣቡይን ከሁሉ ፊት አሰለፈው። ሞተሩ ውድድሩን ሳይጨርስ ተበላሸ እንጂ! በዚያው ዓመት አንዱን ትልቅ ተርቦ በሁለት ትንንሽ ተኩ፤ መዘግየቱም ቀነሰ። በሐምሌ ወር ዲዦን ላይ ዣቡይ አሸነፈ። በ1980 ኪያላሚ ላይ ረኔ አርኑ አንደኛ ወጣ።

ዳክዎርዝ ተርቦን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ በሕግ ሽፋን የገባ ሁለተኛ ሞተር ነው እያለ። ክርክሩ ውኃ የማያነሣ አልነበረም። ይሁን እንጂ የእርሱ ሞተር ከ1983 በኋላ በፎርሙላ ዋን ዳግም አላሸነፈም። ተርቦም በተራው ከ1988 በኋላ ታግዶ ቆይቶ በ2014 ተመለሰ። የሹፌሮቹን ስም ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ዱዶን የሚጠራው ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ያስቆጨኛል።

በዚያ የጋሸና ዳገት ላይ እያቃሰትን ሳለን አንዲት አይሱዙ እያፏጨች አልፋን ሄደች። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በቅናት ተመለከታት።

«እሷማ ተርቦ አላት» አለ ሹፌሩ፤ ማርሹንም እንደገና ቀነሰ።