በዓመት አንዴ የሚሞላ ገንዳ

አፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632–1667) አሠሩት በሚባለው የጎንደር ገንዳ ውስጥ ሰው ሲዋኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቦታው ለታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር፣ ለጎብኚው ደግሞ የፋሲል መዋኛ ነው። ሆኖም አገራችን በለንደን (2012) እና በሪዮ (2016) ኦሊምፒክ ያሰለፈቻቸው ዋናተኞች፣ እነ ያኔት ስዩምና ሮቤል ኪሮስ፣ የተወዳደሩት በነፃ ቀዘፋ ነው፤ በጀርባ ቀዘፋ አንድም ሰው አልነበረንም። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ልማድ ስፖርት ሳይሆን የቀረው፣ እኔ እንደማምነው፣ ውኃው ስለማይቆይ ነው።

ከተራ የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራል፤ ውኃ መከተር ማለት ነው። ለጥምቀት በዓል የቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ ገንዳውን ይሞላል፤ ጥር 11 ጠዋት ውኃው ሲባረክ ወጣቱ የዛፍ ሥር ከተጠመጠመበት አጥር አጠገብ እየዘለለ ይገባል። ከዚያ ውኃው ይፈስሳል፤ ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። የጀርባ ቀዘፋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ድግግሞሽ ይፈልጋል። ዋናተኛው ፊቱ ወደ ላይ ስለሆነ ግድግዳውን አያየውም፤ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ የተንጠለጠሉትን ባንዲራዎች ሲያልፍ ቀዘፋውን ቆጥሮ ይዞራል። ያ ቁጥር አንድ ሳይዛነፍ ከክንዱ የሚዋሐደው በየቀኑ ሲዋኝ ነው። በጥቂት የጥር ቀናት ከየት ይመጣል?

የደጋው ከፍታ ነው የሚያዳክመን የሚል ይኖራል። የስፔኑ ሴራ ኔቫዳ ማሠልጠኛ ግን በ2,320 ሜትር ላይ ነው፣ ከጎንደር ከተማም ይበልጣል፤ የአውሮፓ ዋናተኞች አቅማቸውን ለማጎልበት ሆን ብለው ይወጡበታል። ውኃው ለጸሎት እንጂ ለጨዋታ አይደለም የሚለው ክርክር ከባድ ነው፣ እቀበለዋለሁም፤ ነገር ግን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ዘሎ የሚዋኝ ወጣት ችሎታውን ከዚያ ቀን በፊት በወንዝ ተምሮታል፤ የጎደለው ፍላጎት አይደለም። ጣና ቅርብ ነው ለሚሉም፣ ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት፣ የሚቆጠርበት ግድግዳም የለውም። ፋሲል መዋኛን ዓመቱን ሙሉ እንሙላው ማለት ደግሞ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ድንጋይ መጉዳት ነው። ሌላ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ባንዲራው 5 ሜትር ላይ የተሰቀለበት፣ ውኃውም በጥር 12 የማይፈስስ።